ያላለቁ ክሊፖች፦ ጅማ ላይ የሙዚቃ ቪዲዮ የሚሠሩ ተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ተማሪዎች የሙዚቃ ክሊፕ ሲሠሩ ማገዝ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። አንዳንዱን ካሜራ ይዤ፣ አንዳንዱን ደግሞ ከተቀረጸ በኋላ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ አግዣለሁ። መጥፎ ክሊፕ ብዙም አያሳዝነኝም፤ ቢያንስ ለሚቀጥለው ያስተምራል። የሚያንገበግበኝ ያላለቀው ነው። አሥራ ሁለት ልጆች ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ደክመውበት፣ ልብስ ተውሰው፣ ጭፈራ ተለማምደው፣ በመጨረሻ የአንዱ ልጅ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ተኝቶ የሚቀረው። እዚህ የማነሳቸው ስህተቶች ክሊፕን ከመንገድ ሲያስቀሩ በዓይኔ ያየኋቸው ናቸው።

ዘፈኑ ሳያልቅ ለቀረጻ መውጣት

ነገሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አቀናባሪው ሚክሱን (የተዋሃደውን የዘፈኑን ድምፅ) በሳምንት ውስጥ አደርሳለሁ ይላል፤ ልጆቹ ካሜራው የሚገኘው ለዚህ ቅዳሜ ብቻ ስለሆነ በሙከራ ቅጂው እንቅረጽ ይላሉ። አቀናባሪው በኋላ የዘፈኑን ፍጥነት በደቂቃ ከ96 ምት ወደ 98 ከፍ ቢያደርገው ለጆሮ ብዙም አይታወቅም። የአራት ደቂቃው ዘፈን ግን አምስት ሰከንድ ገደማ ያጥራል። ድምፃዊቷ በአሮጌው ቅጂ የዘፈነችው ከአዲሱ ጋር ሲገጠም ገና የመጀመሪያው አዝማች ላይ ከንፈሯና ድምፁ ይለያያሉ። አንድ ስንኝ ተቀይሮ ከሆነማ ጨርሶ የሚድን ነገር የለም።

ስለዚህ ማስተሪንግ፣ ማለትም የዘፈኑ የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ፣ ሳይጠናቀቅ የቀረጻ ቀን አትቁረጡ። ያለቀውን ቅጂ በሁለት ስልክ ላይ ጫኑት፤ የቆዩትን የሙከራ ቅጂዎች ከሁለቱም ስልኮች አጥፏቸው። ቀረጻ ላይ አንድ ሰው ተሳስቶ የድሮውን የሚከፍተው ሁሉም ሲደክመውና ሲቸኩል ነው።

ድምፅ ማጉያውን እንደ ትርፍ ዕቃ ማየት

በክሊፕ ቀረጻ ላይ የሚዘፍን ሰው የለም፤ ከተከፈተው ዘፈን ጋር ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ ሰው ነው ያለው። ስለዚህ ከካሜራው ቀጥሎ ዋናው ዕቃ ስፒከሩ ነው። እኔ ግን ዘፈኑን በስልክ ድምፅ ብቻ ከፍተው ባጃጅ በሚተላለፍበት መንገድ ዳር ሊቀርጹ የሞከሩ ብዙ አይቻለሁ። ድምፃዊው ምቱን አይሰማም፣ በግምት ይዘፍናል፣ ኤዲተሩ ደግሞ የማይገጥመውን ሊገጥም ሌሊቱን ያነጋል።

ስፒከሩ በባትሪ የሚሠራና ጠዋት ሙሉ የተሞላ ይሁን፤ መብራት መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም። ከዘፋኙ አጠገብ፣ ከካሜራው እይታ ውጭ አስቀምጡት። ድምፅ በሰከንድ የሚጓዘው 340 ሜትር ያህል ነው። ካሜራችሁ በሰከንድ 25 ምስል የሚያነሳ ከሆነ ድምፁ በአንድ ምስል ጊዜ ውስጥ የሚሄደው 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስፒከሩን ለእይታ ብላችሁ 30 ሜትር ርቀት ላይ ብትደብቁት ዘፋኙ ምቱን የሚሰማው ሁለት ምስል ያህል ዘግይቶ ነው። ጨፋሪዎች ተራርቀው ሲቆሙ ይኸው ችግር ይመጣል፤ የኋለኞቹ ከፊተኞቹ የዘገዩ ይመስላሉ፤ ልጆቹ ምንም አላጠፉም።

የካሜራውን የራሱን ማይክሮፎን አትዝጉት። የሚቀዳው ድምፅ ለጆሮ ባይጥምም ኤዲተሩ ምስሉን ከዘፈኑ ጋር የሚያገጥመው በእርሱ ነው። በየቀረጻው መጀመሪያም አንድ ሰው ካሜራው ፊት ቆሞ ያጨብጭብ፤ እጆቹ ሲገጥሙ የሚታየውና የሚሰማው ለማገጣጠም ምልክት ይሆናል።

ዝግ ብሎ የሚታይ ምስል የፈለገ ደግሞ አስቀድሞ ያስብ። በሰከንድ 50 ምስል ቀርጻችሁ በ25 ብታጫውቱት እንቅስቃሴው በግማሽ ይዘገያል። ዘፋኙ በዚያ ውስጥ እንዲዘፍን ከፈለጋችሁ በቀረጻው ጊዜ ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት ክፈቱለት፤ እርሱም በዚያ ፍጥነት አስቀድሞ ይለማመድ። ይህን ሳያውቁ ቀርጸው በኋላ ‹‹ከንፈሩ ለምን ተንቀረፈፈ?›› ብለው የጠየቁኝ ቡድኖች ጥቂት አይደሉም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህን እመክራለሁ። የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያ ሥራ ሙሉውን ዘፈን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ መቅረጽ ይሁን፤ አንዴ ከሩቅ፣ አንዴ ከወገብ በላይ፣ አንዴ ፊትን ብቻ። ከዚያ በኋላ ዝናብ ቢመጣ፣ ጨፋሪ ቢቀር፣ ታሪኩ ባይሳካ እንኳ በእጃችሁ የሚያልቅ ክሊፕ አለ።

ከዘፈኑ የሚበልጥ ታሪክ መጻፍ

አራት ደቂቃ አጭር ነው። ሁለት ፍቅረኛሞች ተገናኝተው፣ ተጣልተው፣ አንዱ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ተመልሶ፣ ሠርግ ተደግሶ… ይህ ሁሉ አራት ደቂቃ ውስጥ አይገባም። ቢገባም ለእያንዳንዱ ትዕይንት ልብስ፣ ቦታና ሰው ያስፈልጋል። አንዲት ልጅ ደብዳቤ ይዛ አዌቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ስትጠብቅ ብቻ የሚያሳይ ክሊፕ አይቼ ዓይኔን መንቀል አቅቶኛል።

ታሪኩ ከወቅቱ ጋር መስማማትም አለበት። የቡና ማሳ ውስጥ ቀይ ፍሬ የሚለቀምበትን ትዕይንት የጻፈ ቡድን ቀረጻውን ለግንቦት ቀጥሮ ማሳው ውስጥ ያገኘው አረንጓዴ ቅጠልና ገና ያልበሰለ ፍሬ ነበር። በጅማ ዙሪያ ቡና በደንብ ቀልቶ የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ነጭ አበባውን የፈለገ የካቲትና መጋቢት ላይ የመጀመሪያውን ዝናብ ይከታተል፤ አበባው ፈክቶ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ያ አበባ የሚገባውን ያህል ተቀርጾ አለማየቴ ይቆጨኛል።

ሰማዩን አለማየት

ጅማ የዝናብ አገር ናት። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ ደመናው አይታመንም፤ በተለይ ከሰኔ ወዲህ ያለው ከሰዓት በኋላ ለቀረጻ አይቀጠርም። ደረቁ ወቅት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ነው። በሌላ ወቅት የምትቀርጹ ከሆነ የውጭውን ሥራ ለጠዋት፣ የቤት ውስጡን ለከሰዓት መድቡ፤ ዝናብ ቢመጣ የምትገቡበት በረንዳ ወይም አዳራሽ አስቀድሞ የታወቀ ይሁን። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንዳይሆን።

ፀሐይም የራሷ ጣጣ አላት። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን እኩለ ቀን ላይ ወደ አናት ትጠጋለች፤ ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል፣ ግንባር ያብለጨልጫል፣ የሃያ ዓመት ወጣት የታመመ ይመስላል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያም ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በኋላ ያለው ብርሃን ግን ፊትን ያሳምራል። የማታው ወርቃማ ብርሃን በፍጥነት ያልቃልና ሰው ሁሉ ለብሶ ቆሞ ይጠብቀው። እኩለ ቀን ላይ መቅረጽ ግድ ከሆነ ወደ ዛፍ ጥላ ግቡና ከፊት ለፊት ነጭ አንሶላ ወጥራችሁ ብርሃኑን ወደ ፊት መልሱት።

ሁሉን ለካሜራው መተው

ዘፋኟ ነጭ ቀሚስና ነጠላ ለብሳ ጥቁር ዳራ ፊት ስትቆም በራሱ የሚያስተካክል ካሜራ ይደናገራል። ነጩን ሊያድን ብሎ ፊቷን ያጠቁረዋል፤ ወይም ዳራውን ሊያበራ ብሎ የነጠላውን ጥለት በብርሃን ያጠፋዋል። የሰው ፊት ነው ዋናው። ስልክም ቢሆን ፊቱን በጣት ተጭናችሁ ብርሃኑን ቆልፉት፤ ከዚያ ነጩ ከበዛ ልብሱን ወደ ጥላ አምጡት።

ቤት ውስጥ ወይም ማታ በመብራት ስትቀርጹ ምስሉ ላይ የሚንቀሳቀስ ጥቁር መስመር ካያችሁ ካሜራው ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በ50 ኸርዝ ነው የሚሠራው፤ የካሜራው የመዝጊያ ፍጥነት (ሻተር ስፒድ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ሲሆን መስመሩ ይጠፋል። በሰከንድ 25 ምስል ስንቀርጽ የሚመከረው 1/50 መሆኑም ነገሩን ያቀለዋል።

ስልክ ለሚጠቀሙ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ብዙ ስልኮች በሰከንድ የሚያነሱትን የምስል ብዛት እንደ ብርሃኑ ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። ከንፈሩ መጀመሪያ ላይ ገጥሞ ወደ መጨረሻው የሚለያየው በዚህ ነው። ብዛቱን የሚቆልፍ የካሜራ መተግበሪያ ተጠቀሙ።

ሳያስፈቅዱ መቅረጽ

በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የእንጨት ቤት ነው። ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅና ስለሚያምር ሁሉም ክሊፕ እዚያ መቀረጽ ይፈልጋል። በደብዳቤ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ተፈቅዶላችሁ ከገባችሁም ሃያ ሰው ያረጀ ወለል ላይ አታስጨፍሩ። ጭፈራው ግቢው ሣር ላይ ቢሆን ያምራል፤ ቤቱ ከጀርባ ሆኖ ይታያል። ድሮን ያለ ፈቃድ አይበርም፤ ከተማዋን ከላይ ማሳየት ከሆነ ፍላጎታችሁ ከጅሬን ቁልቁል በተራ ካሜራ ትታያለች።

የትምህርት ግቢም ፈቃድ ይጠይቃል። በር ላይ ከጥበቃ ጋር መከራከር የቀረጻውን ግማሽ ቀን ይበላል፤ ጥበቃው ደግሞ ሥራውን ነው የሚሠራው።

ወረቀት የማይጠየቅበት ፈቃድ ግን ይበልጥ ይከብዳል። ጅማ መርካቶ ውስጥ በርበሬ የምትሸጥ እናት ክሊፕ ውስጥ መታየት ትፈልግ እንደሆነ መጠየቅ አለባት። ‹‹እማማ፣ ትንሽ ብንቀርጽ ቅር ይልዎታል?›› ማለት ምንም አያስከፍልም። እምቢ ካሉ አመስግናችሁ እለፉ። አዛን ሲሰማ ስፒከሩን ዝጉ፤ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ላይ ሲሆን አጠገቡ አትክፈቱ። የሮመዳን ጾም ላይ ከቡድኑ ግማሹ ጾመኛ ሆኖ ሳለ እኩለ ቀን ላይ ማስጨፈር ጭካኔ ነው። ሰፈሩ አንዴ ከተቀየማችሁ የሚቀጥለው የተማሪ ቡድን ነው ዕዳውን የሚከፍለው።

ሁለተኛውን ቀን ማራዘም

‹‹የቀረውን ከፈተና በኋላ እንቀርጻለን›› የሚለው ቃል ስንት ክሊፕ ገድሏል። ከፈተና በኋላ ተማሪ ወደ አገሩ ይሄዳል። አንድ ቡድን በእርግጥም ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ተሰበሰበ፤ ዋናዋ ተዋናይ ግን ሹሩባዋን ፈትታ ፀጉሯን አሳጥራ ነበር። በር ከፍታ ስትገባ ሹሩባ፣ ከበሩ ወዲያ አጭር ፀጉር። በሻሽ ሸፋፍነን ልናድነው ሞከርን፤ አልሆነም።

የትምህርት ካሌንደሩን ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ ሁለቱን የቀረጻ ቀናት በተከታታይ ቁረጡ። የእያንዳንዱን ሰው ልብስ፣ ጫማና ፀጉር በስልክ ፎቶ አንሱ። ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ከካሜራ ኪራዩ ላይ ቀንሳችሁ ምሳ ግዙ። ጠዋት 12 ሰዓት የተነሳ ልጅ 8 ሰዓት ላይ ሳይበላ ፈገግ ብሎ አይጨፍርም፤ በሁለተኛው ቀንም አይመጣም።

አንድ ቅጂ ብቻ መያዝ

በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በደቂቃ 750 ሜጋባይት ይወስዳል (ስምንት ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ነው)። የ64 ጊጋባይት ካርድ 85 ደቂቃ ገደማ ብቻ ይይዛል፤ የአራት ደቂቃ ዘፈን አሥር ጊዜ ከቀረጻችሁ ግማሹ አለቀ ማለት ነው። ካርዱ ሲሞላ ቦታ ለማስለቀቅ የማለዳውን ቀረጻ ያጠፋ ልጅ አውቃለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ የተገለበጠ መስሎት ነበር። በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ገልብጣችሁ፣ ከፍታችሁ አይታችሁ፣ ዲስኮቹን በሁለት ሰው እጅ ሳታስቀምጡ ካርድ አታጥፉ።

የባለመብቶችን ስም መርሳት

የቆየ ዘፈን የማንም ነው የሚል እምነት አለ። አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው በሕይወት ሳለ ብቻ ሳይሆን ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የኢኮኖሚ መብቱን ለወራሾቹ ይጠብቃል። ዩቲዩብ ደግሞ የተመዘገበ ዘፈንን በራሱ ለይቶ ያውቃል፤ ክሊፑ በወጣ በሰዓታት ውስጥ ሊታገድ ይችላል። የራሳችሁ አዲስ ዘፈን ቢሆንም ገጣሚው፣ ዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪውና ድምፃዊው የተስማሙበትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ፈርሙ። ጓደኛሞች ስለሆናችሁ አትተዉት፤ ዘፈኑ ሲወደድ ነው ጥያቄው የሚመጣው።

በክሊፑ መጨረሻ ስም ስትጽፉም ካሜራና ኤዲቲንግ ብላችሁ አታቁሙ። ቤታቸውን ያስቀረጹ፣ በርጩማቸውንና ጀበናቸውን ያዋሱ፣ ጨፋሪዎቹን ቡና ያጠጡ እናት ስም ይግባ። ዩቲዩብ ላይ ከመውጣቱ በፊት ክሊፑን በስልክ ይዛችሁ ሂዱና ከቤታቸው ቁጭ ብላችሁ አሳዩአቸው። ባለፈው ዓመት አንድ ቡድን እንዲህ ሲያደርግ አብሬ ነበርኩ። እናትየዋ መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ፣ የራሳቸውን ጀበና ሲያዩ ጎረቤት ጠሩ፣ ከዚያም ከመጀመሪያው እንድንከፍትላቸው ጠየቁ።