የጀልባ ሞተር ፕሮፔለር ድንጋይ ሲመታ፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ጣና ላይ ውሃው ከመስከረም በኋላ እየጎደለ ይሄድና ግንቦትና ሰኔ ላይ ከሁሉም ዝቅ ይላል። በክረምት ማንም ያላያቸው ጥቁር ድንጋዮች ያን ጊዜ በደሴቶቹና በመውረጃዎቹ ዙሪያ ከውሃው ገጽ አንድ ክንድ ብቻ ዝቅ ብለው ይቆያሉ። ፕሮፔለሩ አንዱን ሲመታ የባለጀልባው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ክንፉ ላይ ነው። ክንፉ ግን ከጉዳቱ ሁሉ በቀላሉ የሚታየውና በርካሽ የሚተካው ክፍል ነው። ሞተር የሚጨርሰው ከክንፉ ጀርባ ያለው ነው፦ ዘንጉ፣ ዘይቱ እንዳይወጣ ውሃም እንዳይገባ የሚዘጋው የዘይት ሲልና ጥርሶቹን የያዘው ካምቢዮ። ስለዚህ ምርመራው ከክንፉ ይጀምራል እንጂ በክንፉ አያልቅም።

እዚህ የምናወራው ከ9.9 እስከ 40 ፈረስ ጉልበት ስላላቸውና ባለ ሦስት ክንፍ የአሉሚኒየም ፕሮፔለር ስለሚያዞሩ ሞተሮች ነው።

ከመንካታችሁ በፊት የሞተር ማጥፊያውን ገመድ አውጡ፣ የካንዴላውን ኬብል ንቀሉ፣ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጉ። ትኩስ ሞተር ፕሮፔለሩ በእጅ ሲዞር ሊነሳ ይችላል፤ ጣት የሚቆረጠው እንዲህ ነው። ዳዶው እንዳይፈታ የሚቆልፈውን ኮፒሊያ በፒንሳ አቅንታችሁ አውጡ። በክንፉና ከላዩ ባለው ጠፍጣፋ ሳህን መካከል ቁራጭ እንጨት ብታስገቡ ፕሮፔለሩ አይዞርም፣ ዳዶውም ይፈታል። ሮንዴላዎቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደርድሯቸው።

አሁን ክንፉን በሳሙና አጥባችሁ በፀሐይ ብርሃን እዩት። ጠርዙ ላይ ያለ ከ3 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ጉድፍ በሞረድ ይስተካከላል። ጉድፉን ወደ ግራና ቀኝ ዘርጋ አድርጋችሁ ሞርዱት፤ ጠርዙን እንደ ቢላ አታሹሉት። ጉድፉን ዝም ብሎ መተው የማይመከረው ስንጥቅ የሚጀምረው ከእንዲህ ዓይነቱ ጥርስ ስለሆነ ነው።

ስንጥቅ በዓይን አይታይ ይሆናል። ክንፉ ከመሃሉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ነጭ ጋዝ ቀቡትና አሥር ደቂቃ ቆዩ፣ በደረቅ ጨርቅ አጥርታችሁ ጥረጉት፣ ከዚያ ጠመኔ ፍቃችሁ ዱቄቱን ነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ጋዝ ወደ ላይ ይመለስና ነጩ ዱቄት ላይ ፀጉር የመሰለ ጥቁር መስመር ያወጣል። መስመሩ ከክንፉ ሥር ከታየ ክርክር የለውም፣ ፕሮፔለሩ ይቀየራል። እዚያ ቦታ ላይ ብየዳ አይታመንም፤ ክንፉ በሐይቁ መሃል ተገንጥሎ ሲሄድ ቀሪው በንዝረቱ ዘንጉንና ኩሽኔታውን ይዞ ይሄዳል።

መጣመሙን ለማወቅ ፕሮፔለሩን ሰፊው ጎኑ ወደ ታች ሆኖ መስታወት ላይ ወይም የተስተካከለ ሲሚንቶ ላይ አስቀምጡት። አንድ ቀጭን እንጨት አቁማችሁ የአንዱን ክንፍ ጫፍ ከፍታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ሌሎቹን ሁለቱንም በዚያው ምልክት ለኩ። ልዩነቱ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጫፉን በእንጨት መዶሻ ከእንጨት ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ መመለስ ይቻላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ግን፣ ምክንያቱም እዚያው ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ የታጠፈ አሉሚኒየም ይሰነጠቃል። ልዩነቱ አንድ ጣት ከሆነ ወይም ክንፉ ከወገቡ ከታጠፈ አትድከሙበት። ከሰል ላይ አግሎ ማቅናትም አይሞከር። ብረት ሲግል ይቀላል፣ ያስጠነቅቃል፤ አሉሚኒየም ግን ቀለሙን ሳይቀይር በድንገት ይፈሳል።

ቁራጩ የጠፋ ክንፍ በአርጎን ሊበየድ ይችላል፣ ግን ከብየዳው በኋላ ቅርጹ ከሁለቱ ጋር መመሳሰል፣ ክብደቱም መመዛዘን አለበት። ቀጥ ያለ ዘንግ በመሃሉ አስገብታችሁ በሁለት እኩል መደገፊያዎች ላይ ስታስቀምጡት ሁልጊዜ አንዱ ክንፍ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ሚዛኑ አልገባም ማለት ነው። የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ግማሽ ካለፈ አዲሱን መግዛት ይሻላል።

ክንፉ ደህና ሆኖ ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው የማይሄድበት ጊዜ አለ። ይህ ከመሃሉ ያለው ጎማ ነው። ፕሮፔለሩ ድንጋይ ሲመታ ካምቢዮው እንዳይሰበር ጎማው ይንሸራተታል፤ ሥራው ይህ ነው፣ አንዴ ከተላቀቀ ግን ጭነት በበዛ ቁጥር ይንሸራተታል። ለማረጋገጥ ከውስጠኛው የብረት ቱቦ እስከ ውጭኛው አሉሚኒየም ድረስ በጎማው ላይ የሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም አስምሩ። ጀልባውን ጭናችሁ ሙሉ ጋዝ ሰጥታችሁ ትንሽ ሂዱ፣ ተመልሳችሁ እዩት። መስመሩ ከተሰበረ ጎማው ተላቋል። ቀስ ብላችሁ ወደ ቤት ትመለሱበታላችሁ፣ መንገደኛ ግን አትጭኑበት።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ክፍል ላይ ደረስን። ፕሮፔለሩ ወጥቶ ሳለ ዘንጉን በእጅ አዙሩት፣ አንድ ሽቦ ከካምቢዮው ላይ አስራችሁ ጫፉን ወደ ዘንጉ ጫፍ አስጠጉት። በሽቦውና በዘንጉ መካከል ያለው ክፍተት ሲዞር የሚሰፋና የሚጠብ ከሆነ፣ በዓይን እስከታየ ድረስ፣ ዘንጉ ተጣሟል። የተጣመመ ዘንግ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማቅናት አያዋጣም፤ ሲሉን እየገፋ ያሰፋዋል፣ ውሃ ይገባል። ዘንጉ ይቀየራል።

ከዘንጉ ሥር የተጠመጠመ የናይሎን መረብ ክር ካገኛችሁ በደንብ አውጡት። ክሩ በሙቀት ቀልጦ እንደ ቀለበት ደርቆ ይጣበቃል፣ የሲሉንም ከንፈር ይቆርጣል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ጣናን የወረረው እምቦጭም ይጠመጠማል፣ እሱ ግን ለስላሳ ስለሆነ ሲል አይቆርጥም፤ ጉዳቱ የማቀዝቀዣውን ውሃ መግቢያ ደፍኖ ሞተሩን ማጋሉ ነው።

ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ አሳድሩትና ጠዋት የታችኛውን የዘይት ብሎን ትንሽ ብቻ አላሉ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ከገባ መጀመሪያ የሚንጠባጠበው እሱ ነው። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውሃው ታሽቶ ተደባልቋል፣ ሲሎቹ መቀየር አለባቸው። ሁለት ከሆኑ ሁለቱም ይቀየሩ። ዘንጉ ላይ ሲሉ የሚቀመጥበትን ቦታ በጥፍር ዳብሱት፤ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲሱ ሲልም ብዙ ሳይቆይ ያፈሳል። ማግኔት ባለው ብሎን ላይ ግራጫ ጭቃ መኖሩ የተለመደ ነው፣ የብረት ፍንጣሪ ካለ ግን ጥርሶቹ እየተበሉ ነውና ካምቢዮው ይከፈት። ዘይቱ 90 ቁጥር ነው፤ ለ15 ፈረስ ጉልበት ሞተር ሩብ ሊትር ገደማ ይበቃል። ከታችኛው ቀዳዳ ነው የሚሞላው፣ ከላይኛው ያለ አረፋ እስኪፈስ ድረስ። መጀመሪያ የላይኛውን፣ ቀጥሎ የታችኛውን ብሎን ዝጉ።

አዲስ ፕሮፔለር ስትገዙ አሮጌው ላይ የተቀረጹትን ቁጥሮች ይዛችሁ ሂዱ። ለምሳሌ 9¼ በ9¾ ቢል የመጀመሪያው የክቡ ስፋት፣ ሁለተኛው አንድ ዙር ሲዞር ወደፊት ሊሄድ የሚገባው ርቀት ነው፣ ሁለቱም በኢንች። የውስጡ ጥርስም ቁጥሩና መጠኑ ከዘንጉ ጋር መግጠም አለበት። እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ መታሰብ ይኖርበታል። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በየ300 ሜትሩ ሞተር 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ በባሕር ጠረፍ ከሚሰጠው አንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ለባሕር የተመረጠው ፕሮፔለር እዚህ ሊከብደው ይችላል። ሙሉ ጋዝ ላይ በተለመደው ጭነት ሞተሩ መመሪያው ከሚለው ዙር በታች ከቀረ (ብዙዎቹ ከ4500 እስከ 5500 ይላሉ) ሁለተኛው ቁጥር በ1 ኢንች ያነሰ ግዙ፤ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል።

ስትገጥሙ የዘንጉን ጥርስ ግራሶ ቀቡ። ከፕሮፔለሩ በፊት የሚገባውን ወፍራም ሮንዴላ አትርሱ፣ አትገልብጡትም፤ እሱ ከሌለ ፕሮፔለሩ ካምቢዮውን እየፋቀ ይበላዋል። ዳዶው ጠብቆ የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ወደፊት ጥቂት አጥብቁ እንጂ ወደኋላ አታላሉ። ኮፒሊያው ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። ለመንዳት የሚሆን አሮጌ ፕሮፔለር ካለ አይጣል፤ ከቁራጭ እንጨት፣ ከፒንሳ፣ ከዳዶው ቁልፍና ከሁለት ኮፒሊያ ጋር በጀልባው ውስጥ ታስሮ ይቀመጥ።