ሳሩን ከኳሱ በፊት ለምትገምሱ

በጎልፍ "ትልቅ ዲቮት መጥፎ ነው" ያላችሁ ማነው? ዲቮት ማለት ክለቡ፣ መምቻ ዱላው፣ ገምሶ የሚያወጣው ሳርና የሚተወው ጉድጓድ ነው፤ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ምንም አይነግረኝም። ትናንት ዘንቦ ከሆነ ያው ስዊንግ (የክለቡ ውርወራ) እንጀራ የሚያህል ሳር ያነሳል። በነሐሴ የደረቀ የሜሪላንድ ቤርሙዳ ሳር ላይ ደግሞ ጭረት ብቻ ትቶ ያልፋል። እኔ መጀመሪያ የማየው ጉድጓዱ የት እንደጀመረ ነው።

አያያዝና አቋቋም ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው። የምጽፈው ለቀኝ እጅ ተጫዋች ነው፤ ግራኝ ገልብጦ ያንብብ።

ምልክት፦ ጉድጓዱ ከኳሱ ኋላ ይጀምራል። "ጧ" ማለት ሲገባው "ዱብ" ይላል። 150 ያርድ ይሄድልኛል ያላችሁት ሰባት ቁጥር አይረን (የብረት ክለብ) 100 ላይ ይቀራል። ቅዳሜ ጠዋት አብረውኝ የሚጫወቱ አበሾች አብዛኞቹ ችግራቸው ይሄው ነው።

ምክንያት፦ ኳሱን ለማንሳት መታገል። ኳሱ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ መነሳት አለበት፣ እንግዲህ ከሥር ልዛቀው ይላል ሰው። እንዲህ ሲል ክብደቱ ቀኝ እግሩ ላይ ይቀራል። የእጁ አንጓ ቀድሞ ይፈታል። ክለቡ ሊደርስበት የሚችለው ዝቅተኛ ቦታም ከኳሱ ኋላ ይወድቃል። ኳስ ማንሳት የእናንተ ሥራ አይደለም፤ የክለቡ ፊት ለዚሁ ተብሎ ነው ጋደል ተደርጎ የተሠራው። የእናንተ ሥራ ክለቡ ገና እየወረደ ሳለ ኳሱን መምታት ነው።

ያ የመውረጃ ማዕዘን አታክ አንግል ይባላል። ሰው ይህን ሲሰማ ይደናገጥና መጥረቢያ ያነሳል። ተረጋጉ። በራዳር ሲለካ የፒጂኤ ቱር ወንድ ፕሮፌሽናሎች በሰባት ቁጥር የሚወርዱት በአማካይ 4 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የኤልፒጂኤ ሴት ፕሮፌሽናሎች 2 ገደማ። አሜሪካ ውስጥ ሕጉ የሚፈቅደው የዊልቸር መወጣጫ እንኳ እስከ 5 ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል። ጥሩ ተጫዋች ዘንድ ጉድጓዱ ከኳሱ ፊት ለፊት ይጀምርና ጥልቁ ቦታ ከኳሱ 10 ሴንቲሜትር ያህል አልፎ ይገኛል።

አንድ ወዳጄ "ወደ ታች ምታ" የሚል ቪዲዮ አይቶ መጣ። እንደ ዶማ ማውረድ ጀመረ፤ ግን ክብደቱ አሁንም ቀኝ እግሩ ላይ ነው። ድሮ ከኳሱ ኋላ ሳር ይልጥ የነበረው ሰውዬ አሁን ከኳሱ ኋላ ድንች መትከያ ቆፈረ። አንጓውን አመመው። ከዚያ ጥፋቱን በክለቡ አላከከና ሊገዛ ወጣ። ሻጩ "ይሄ ፎርጅድ ነው" ሲለው ጥሎት ወጣ። በጎልፍ ፎርጅድ ማለት ተቀጥቅጦ የተሠራ፣ ደህና ክለብ ነው፤ በእኛ አፍ ግን ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አስረድተነው ገዛ። ብዙ ገንዘብ ከፈለ። በማግስቱ በአዲሱ ክለብ ያችኑ ጉድጓድ፣ እዚያችው ቦታ ላይ ቆፈረ።

መፍትሄ፦ ሳር ላይ በነጭ ዱቄት ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። መስመሩ ኳሱ የሚሄድበትን አቅጣጫ የሚያቋርጥ ሆኖ በሁለቱ እግሮቻችሁ መሀል እንዲውል ቁሙ። ኳስ የለም። ግማሽ ስዊንግ ብቻ። የተገመሰው ሳር ከመስመሩ በግራ በኩል መሆን አለበት። 20 ጊዜ ደጋግሙ። ካልሆነላችሁ ገና ስትቆሙ ክብደታችሁን በርከት አድርጋችሁ ግራ እግር ላይ ጣሉና እዚያው አቆዩት። ስትጨርሱ ደረታችሁ ወደ ግብ ዞሮ፣ የቀኝ ተረከዛችሁ ተነስቶ ካልተገኘ አልተሻገራችሁም። እንደገና። ኳስ መስመሩ ላይ የምታስቀምጡት ከዚህ በኋላ ነው።

ማት፣ የመለማመጃው ሰው ሠራሽ ምንጣፍ፣ ላይ ይህን አትሞክሩ። ማት ውሸታም ነው። ክለቡ 5 ሴንቲሜትር ኋላ ቢያርፍም ተንሸራቶ ኳሱን ያገኘዋል፣ "ጧ" ይላል፣ እናንተም ጀግና ትሆናላችሁ። ሬንጅ (መለማመጃ ቦታ) ላይ ንጉሥ፣ ሜዳ ላይ ገበሬ የሆነ ስንቱን አይቻለሁ! ሌላ ቦታ ከሌላችሁ ፎጣ አጥፋችሁ ከኳሱ 10 ሴንቲሜትር ኋላ አንጥፉ፤ ፎጣውን ከነካችሁ ወድቃችኋል። በፎጣ ፋንታ እንጨት ወይም ድንጋይ ያስቀመጠ አጋጥሞኛል። እባካችሁ። ክርናችሁ ካመማችሁም ማቱን ተዉት፣ ዛሬውኑ። "የኳስ ባልዲውን ልጨርስና" አይባልም።

ምንም ዲቮት ሳይኖር ኳሱን አናቱን መምታት? ያው በሽታ ነው። ሰው አያምነኝም፣ ግን ዝቅተኛው ቦታ ኋላ ሲሆን አንዳንዴ መሬት ይመታል፣ አንዳንዴ እየተነሳ ኳሱን ወገቡ ላይ ያገኘዋል። መፍትሄውም ያው መስመር ነው። ሳሩን ዳበስ ብቻ አድርጎ ኳሱ ደህና የሚሄድላችሁ ከሆነ ግን አትነካኩት።

ከኳሱ ፊት የጀመረ ግን አጭርና ጥልቅ ጉድጓድ፦ ኳሱ ወደ ቀኝ እግር ተጠግቷል። በአንድ ኳስ ስፋት ወደ ግራ አምጡት።

በክለቡ ጫፍ በኩል የጠለቀ፦ የክለቡ ዘንግ ለእናንተ ወደ መሬት በጣም ተኝቶባችሁ ሊሆን ይችላል። በተረከዙ፣ ዘንጉ በሚገባበት፣ በኩል ከጠለቀ በጣም ቀጥ ብሎባችሁ። ባለሙያ ያጥፈው፣ እናንተ በጉልበታችሁ አትሞክሩ።

የገመሳችሁትን ሳር ደግሞ ጥላችሁ አትሂዱ። ቤርሙዳ ከሆነ አሸዋ ሙሉበት፤ ቤንትግራስ የሚባለው ሳር ከሆነ ቁራጩን መልሳችሁ ርገጡት። ኳስ ዲቮት ውስጥ ካረፈ ሕጉ ያለ ቅጣት አንሱ አይልም። በ1998 ዩኤስ ኦፕን የጎልፍ ውድድር የመጨረሻ ቀን ተጫዋቹ ፔይን ስቱዋርት 12ኛው ሆል ላይ ኳሱ ፌርዌይ (የታጨደው ሜዳ) መሀል አርፎ፣ ግን አሸዋ የተሞላ ዲቮት ውስጥ ገብቶ አገኘው። ዋንጫውን በአንድ ምት አጣ።