ወደ ማቹ ፒቹ በእግር ለመሄድ ላሰባችሁ

በፔሩ ተራሮች ላይ ኢንካዎች በድንጋይ ያነጠፉትን ጥንታዊ መንገድ ተከትሎ የፍርስራሽ ከተማቸው ወደሆነው ማቹ ፒቹ ለመግባት አራት ቀንና ሦስት ሌሊት ይፈጃል። የመንገዱ ርዝመት 43 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ ብቻውን ያን ያህል አያስፈራም፤ የሚያደክመው ዳገቱ፣ ቁልቁለቱና ከፍታው ነው። እኔና ታላቅ እህቴ በነሐሴ ወር ሄደን ከተመለስን ወዲህ፣ ባልቲሞር ውስጥ በምሠራበት ፋርማሲ የሚመጡትም ሆኑ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ የማገኛቸው ወገኖች ስለ ጉዞው ደጋግመው ይጠይቁኛል። የምመልስላቸውን በሙሉ እዚህ ጽፌዋለሁ። አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር ግን አለ፦ ይህ ጉዞ የሚቃናው ወይም የሚበላሸው መንገድ ከመጀመሩ በፊት፣ ገና አስጎብኚ ድርጅቱ ሲመረጥ ነው።

በመጀመሪያ ፈቃዱን እንይ። በኢንካ መንገድ ላይ ያለ አስጎብኚ መጓዝ ክልክል ነው፤ ፈቃዱንም የሚያወጣላችሁ መንግሥት ያወቀው አስጎብኚ ድርጅት ነው። በቀን ወደ መንገዱ የሚገባው ሰው ከ500 አይበልጥም። ከዚህ ውስጥ የሚበዛው አስጎብኚ፣ ወጥ ሠሪና ጓዝ ተሸካሚ ስለሆነ ለተጓዡ የሚቀረው 200 ያህል ቦታ ነው። ደረቁ ወቅት ከግንቦት እስከ መስከረም ይዘልቃል፤ እኛ አገር ዝናቡ በሚያይልባቸው ወራት እዚያ ሰማዩ ጥርት ብሎ ይውላል። ተጓዡ ሁሉ የሚሻማው ይህንኑ ጊዜ ስለሆነ ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት ተመዝገቡ። በአውሮፓውያኑ የፌብሩዋሪ ወር መንገዱ ለጥገና ሙሉ በሙሉ ይዘጋል።

ፈቃዱ የሚወጣው በፓስፖርት ስምና ቁጥር ነው፤ ለሌላ ሰው አይተላለፍም፤ ቀኑም አይቀየርም። እዚህ ላይ የእኛ ስም አጻጻፍ ጣጣ እንዳያመጣ ተጠንቀቁ። ፓስፖርታችሁ ላይ የአያት ስም ካለ በማመልከቻው ላይም ይስፈር፤ ከሌለ አትጨምሩ። በኢትዮጵያ የተጻፈውና በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ፓስፖርት ላይ የሰፈረው ስም በአንድ ፊደል እንኳ ቢለያይ የምትጓዙበትን ፓስፖርት እያያችሁ ፊደል በፊደል ገልብጡ። ከተመዘገባችሁ በኋላ ፓስፖርት ካደሳችሁ ለድርጅቱ ወዲያውኑ አሳውቁ፤ አሮጌውንም ይዛችሁ ሂዱ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ደግሞ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የቪዛውን ነገር የፔሩ ኤምባሲ ጠይቃችሁ ጨርሱ።

ፈቃዱ ካለቀባችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ወደ ማቹ ፒቹ የሚያደርሰው ሌላው የሳልካንታይ መንገድ እንዲህ ያለ የቀን ኮታ የለበትም፤ 4,600 ሜትር ገደማ በሚደርስ የተራራ ማለፊያ በኩል ስለሚያቋርጥ ግን ከዚህኛው ይከብዳል። ጉልበት ላነሰው፣ ከባቡሩ 104ኛ ኪሎ ሜትር ላይ ወርዶ የመንገዱን ማብቂያ ብቻ የሚሄድበት አጭር ጉዞ አለ። እርሱም ፈቃድ ይጠይቃል።

አሁን ወደ ድርጅቱ እንምጣ። ድንኳኑን፣ ምግቡን፣ የማብሰያ ጋዙንና የእናንተን ልብስ የሚሸከመው ሰው እንጂ ከብት አይደለም፤ በዚህ መንገድ ላይ የጋማ ከብት አይፈቀድም። ተሸካሚዎቹ አብዛኞቹ ኬችዋ የሚናገሩ የተራራ ገበሬዎች ናቸው። የአገሩ የተሸካሚዎች ሕግ የአንድ ሰው ሸክም ከ20 ኪሎ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ሸክሙም መንገዱ ሲጀመር ባለው ኬላ ይመዘናል። እኛ በሄድንበት ጠዋት ተሸካሚዎቹ ተሰልፈው ጓዛቸውን አንድ በአንድ ሚዛን ላይ ሲያኖሩ ቆመን አየን። አንደኛው ከእህቴ የሚበልጥ ጎልማሳ ነበር። ፊቱ በብርድና በፀሐይ ጠቁሯል፤ እግሩ ላይ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ፣ የእኛን በረባሶ የሚመስል ጫማ አድርጓል። ሚዛኑ ልክ መሆኑን ሲያይ ሸክሙን በደረቱ ላይ በሚያቋርጥ ባለቀለም ጨርቅ አስሮ፣ እኛ ገና የጫማ ክራችንን ስናጠብቅ ድልድዩን ተሻግሮ ሄደ። እህቴ ስሙን እስክታውቅ ድረስ «አባባ» ነበር የምትለው።

ስለዚህ ከድርጅቱ ጋር ስትጻጻፉ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ተሸካሚዎቹ ሌሊት የት ነው የሚተኙት? የራሳቸው ወለል ያለው ድንኳን አላቸው ወይስ እናንተ እራት በልታችሁ እስክትነሱ ጠብቀው በምግብ ድንኳኑ ውስጥ ይጋደማሉ? ፍራሽና የመኝታ ከረጢት ይሰጣቸዋል? የሚበሉት ከማን ድስት ነው? የመልስ ባቡራቸውን ማን ይከፍላል? ቢታመሙ ወይም ቢወድቁ ኢንሹራንስ አላቸው? ጥሩ ድርጅት ለእነዚህ ጥያቄዎች በዝርዝርና ሳይውል ሳያድር ይመልሳል። «አታስቡ፣ ሁሉም ተሟልቷል» የሚል መልስ ብቻ የመጣ እንደሆነ ሌላ ፈልጉ። ዋጋው ከሌሎቹ ሁሉ እጅግ ዝቅ ያለ ከሆነም ቅናሹ የመጣው በአብዛኛው ከተሸካሚው ደመወዝና ጉሮሮ ላይ ነው፤ የመንግሥት ክፍያውና ባቡሩ ለሁሉም ያው ናቸውና። እኔ በበኩሌ ለዚህ ስል መቶ ዶላር ብጨምር አይቆጨኝም።

ለእናንተ ጥቅም ደግሞ ክፍያው ምን ምን እንደሚያካትት በጽሑፍ ተቀበሉ፦ የማቹ ፒቹ መግቢያ፣ የመልስ ባቡር፣ ከፍርስራሹ ወደ ከተማው የሚያወርደው አውቶቡስ፣ የመኝታ ከረጢት ኪራይ። ማቹ ፒቹ ውስጥ ጉብኝቱ በተወሰነ መስመር ስለሆነ የእናንተ ትኬት የትኛውን መስመር እንደሚያስኬድ ጠይቁ። ከፍርስራሹ ጀርባ የቆመውን የዋይና ፒቹን ጫፍ ለመውጣት የተለየ ትኬት ያስፈልጋል።

ስለ ከፍታው ከሙያዬም ስለሚገናኝ ረዘም አድርጌ ልናገር። አውሮፕላን የሚያርፍባት ከተማ ኩስኮ 3,400 ሜትር ላይ ናት። ከደጋ የመጣን ሰዎች ከፍታ አይበግረንም ማለት ይቀናናል። እኔና እህቴ የደብረ ብርሃን ልጆች ነን፤ ነገር ግን ሰውነት ወደ ቆላ ሲወርድ የከፍታ ልምዱን በሳምንታት ውስጥ ይተዋል፤ ባልቲሞር ደግሞ ባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት። ደጋ መወለድን ዋስትና አድርጋችሁ አትያዙ። ኩስኮ አውሮፕላን ማረፊያ እንደ ደረሳችሁ እዚያ ሳታድሩ በመኪና ወደ ኦያንታይታምቦ ውረዱ። ይህች ከተማ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እንቅልፍ ይወስዳል። ሁለት ሌሊት እዚያ አሳልፉ፤ ከዚያ ከፈለጋችሁ ኩስኮን ለማየት ውጡ። ኦያንታይታምቦ ለመነሻውም ቅርብ ናት፤ ብዙ ድርጅቶች ከዚያው መጥተው ይወስዷችኋል።

ዳያሞክስ በሚል ስም የሚታወቀው አሴታዞላማይድ ይረዳል፤ ግን ሐኪም ይዘዝላችሁ። በአብዛኛው የሚጀመረው ወደ ከፍታው ከመውጣት አንድ ቀን አስቀድሞ ነው። ጣትና ከንፈር ይነዝራል፤ ሽንትም ያበዛል፤ ይህ አያስደንግጣችሁ። የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር እንዳይወስድ። ቀለል ያለ ራስ ምታትና የምግብ ፍላጎት መቀነስ የተለመደ ነው። ሰው እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው ግን የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች መውረድ አለበት። ሕመማችሁን ከአስጎብኚው አትደብቁ። እኛ ዘንድ ችሎ ዝም ማለት እንደ ጨዋነት ይቆጠራል፤ በዚያ ተራራ ላይ ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ሆቴሉም አስጎብኚውም የኮካ ቅጠል ሻይ ያቀርቡላችኋል። በአገሩ ሕጋዊና የተከበረ ልማድ ነው። ሆኖም አንድ ስኒ ሻይ እንኳ በሽንት ምርመራ ላይ ኮኬይን ሆኖ ሊወጣ ይችላል። በአሜሪካ የጭነት መኪና ወይም አውቶቡስ የምትነዱ፣ እንዲሁም በሥራ ቦታችሁ ድንገተኛ ምርመራ ያለባችሁ ሁሉ አትቅመሱት፤ የሙኛ ሻይ ስጡኝ በሉ። እርሱም ሽታው እንደ ናና ደስ ይላል። ቅጠሉንም ሆነ የተፈጨውን ይዞ አሜሪካ መግባት ክልክል ነው።

የሄድነው በፍልሰታ ስለነበር የጾሙ ነገር አሳስቦን ነበር። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ፦ ስትመዘገቡ «ቪጋን» ብላችሁ ሙሉ፤ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ደግሞ ለወጥ ሠሪው በስፓኒሽ «ሲን ካርኔ፣ ሲን ሌቼ፣ ሲን ዌቮ» በሉት፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል ማለት ነው። ቅቤና አይብንም ለይታችሁ ጥቀሱ። ወጥ ሠሪያችን በአንዲት የጋዝ ምድጃ የኪኑዋ ሾርባ፣ የተቀቀለ ድንችና ባቄላ፣ ሩዝና አትክልት እያፈራረቀ አቀረበልን። ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለማቆየት የምታስቡ ግን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተማከሩ፤ ያንን ዳገት ያለ ውኃና ያለ እህል መውጣት በጤናም አይመከርም።

የምትይዙት ጥቂት ይሁን። ለተሸካሚ የምትሰጡት ጓዝ በአብዛኛው የመኝታ ከረጢቱን ጨምሮ 7 ኪሎ ነው። ጋቢ ለመያዝ ልባችሁ ይከጅል ይሆናል፤ ተዉት። ጥጥ ከረጠበ እዚያ አይደርቅም፤ ይከብዳልም። በምትኩ የሱፍ ሹራብ፣ የሱፍ ካልሲ፣ ነፋስ የማያስገባ ጃኬትና ረጅም የዝናብ ልብስ ያዙ። ሁለተኛው ሌሊት ወደ ዜሮ ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በግንባር የሚታሰር መብራት ከነትርፍ ባትሪው፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባትና ኮፍያ አይቅሩ። ምርኩዙ ለጉልበት ትልቅ እረፍት ነው፤ ጫፉ ላይ የጎማ ክዳን ከሌለው ግን ድንጋዩን ስለሚጎዳ አያስገቡትም። ጫማው አዲስ አይሁን። በጉዞው ላይ የምታዩት ቁስል ሁሉ ከአዲስ ጫማ የመጣ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

መንገዱ የሚጀምረው 82ኛ ኪሎ ሜትር በሚባለው የባቡር ሐዲድ ምልክት አጠገብ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀን ወንዙን እየተከተለ የሚሄድ ቀላል መንገድ ነው። ፓታያክታ የሚባለውን የእርከን መንደር ከላይ ሆናችሁ ቁልቁል ታዩታላችሁ።

ሁለተኛው ቀን ከባዱ ነው። ከዋይላባምባ አካባቢ ተነስታችሁ 1,200 ሜትር ያህል ሽቅብ ትወጣላችሁ፤ ዋርሚዋኙስካ የተባለው ማለፊያ 4,215 ሜትር ላይ ነው። በአፍንጫ መተንፈስ በሚያስችል ርምጃ ሂዱ፤ ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ከማንም ጋር አትወዳደሩ። ተሸካሚዎች ከኋላ ሲመጡ መንገድ ልቀቁ፤ ስትለቁም ወደ ተራራው ጥግ ተጠጉ እንጂ ወደ ገደሉ በኩል እንዳትቆሙ። አናቱ ላይ ብዙ አትቆዩ፤ ላቡ ሲቀዘቅዝ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከዚያ ወደ ፓካይማዮ የሚያወርደው ደረጃ 600 ሜትር ያህል ነው፤ ጉልበት የሚፈተነው እዚህ ነው። አገር ቤትም ሆነ ውጭ የምትኖሩ ከመሄዳችሁ ሁለት ሦስት ወር በፊት ቦርሳ ተሸክማችሁ ደረጃ መውጣት ብቻ ሳይሆን መውረድንም ተለማመዱ።

ሦስተኛው ቀን ውበቱ ልዩ ነው። ክብ የሆነውን የሩንኩራካይ ፍርስራሽ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተሠራውን ሳያክማርካን፣ ውኃው ዛሬም በድንጋይ ቦይ የሚወርድበትን ፑዩፓታማርካን እያያችሁ ወደ ደመናማው ጫካ ትገባላችሁ። ከዚያ 1,000 ሜትር ያህል ቁልቁል ወደ ዊኛይ ዋይና ፍርስራሽ ነው። ድካሙ የፈለገውን ያህል ቢሆን ድንኳን ውስጥ ተጋድማችሁ ዊኛይ ዋይናን እንዳታልፉት። እርከኖቹ የተራራውን ጎን ተከትለው እንደ ቀስት ይጎብጣሉ፤ ሰው ስለማይበዛበትም ድንጋዩን ዳስሳችሁ፣ ውኃውን ሰምታችሁ መቀመጥ ትችላላችሁ። እኔ ከማቹ ፒቹ ይልቅ የወደድኩት እርሱን ነው።

የዚያን ዕለት ማታ ከተሸካሚዎቹ ጋር ስንብት አለ። ጉርሻውን በፔሩ ሶል፣ በትንንሽ ኖት ከኩስኮ ዘርዝራችሁ አምጡ፤ ለእያንዳንዱም በእጁ ስጡት። በአንድ ሰው በኩል ከሄደ እንዴት እንደተከፋፈለ አታውቁም። በማግስቱ ከንጋቱ በፊት፣ በእኛ ሰዓት ዘጠኝ ተኩል ገደማ የምትቀሰቀሱት ተሸካሚዎቹ ድንኳኑን ነቅለው የማለዳውን ባቡር መያዝ ስላለባቸው ነው፤ ይህን ስታውቁ አታጉረመርሙም። ኬላው የሚከፈተው በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዛችሁ የፀሐይ በር የሚባለው ኢንቲ ፑንኩ ትደርሳላችሁ፤ ከተማው ከእግራችሁ በታች ነው። ጉም ከሸፈነው ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ ረፈድ ሲል ይገለጣል።

ማቹ ፒቹን ያሠራው የኢንካው ንጉሥ ፓቻኩቲ እንደሆነ ይታመናል፤ ዘመኑም 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። አስጎብኚው እ.ኤ.አ. በ1911 አሜሪካዊው ሃይራም ቢንግሃም እንደ ደረሰበት ይነግራችኋል። ያን ጊዜ በእርከኖቹ ላይ የሚያርሱ የአካባቢው ቤተሰቦች እንደነበሩም ጠይቁት።

ከጉብኝቱ በኋላ በአውቶቡስ ከተራራው ግርጌ ወዳለችው ከተማ ወደ አጉዋስ ካሊየንቴስ ትወርዳላችሁ፤ ለተሸካሚ የሰጣችሁት ጓዝም እዚያ ይጠብቃችኋል። ባቡሩ እስከ ኦያንታይታምቦ ያደርሳል፤ ኩስኮ ስትገቡ ብዙውን ጊዜ መሽቷል። ሐዲዱ በናዳም በሥራ ማቆም አድማም የሚዘጋበት ቀን ስላለ የመልስ በረራችሁን ለማግስቱ አታድርጉት፤ አንድ ቀን ትርፍ ተዉ።