ቀይ ሪባን ፍለጋ በሸዋሮቢት

ይህ የኤድስ ዘመን ቅስቀሳን አሻራ በእግር የምትፈልጉበት ጉዞ ነው። ሸዋሮቢት ቆላ ናት። ስለዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጀምሩ፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ አያዘዋውርም።

መነሻችሁ የደሴው አስፋልት ይሁን። በዚያ ዘመን የከባድ መኪና ሾፌሮች እዚህ ያድሩ ነበር። የፀረ ኤድስ ቅስቀሳውም የበረታው አልጋ ቤቶቹ በተደረደሩበት ዳር ነው። የድሮ ሱቆችን የቆርቆሮ በር ጠጋ ብላችሁ እዩ። «ሕይወት ትረስት» የሚል የኮንዶም ማስታወቂያ ወይም 952 የሚል ቁጥር ታገኙ ይሆናል። 952 «ወገን» የተባለው የኤድስ ምክር የስልክ መስመር ነበር፤ ስምህን ሳትናገር ትመከርበት ነበር። አዲስ ቀለም ተቀብቶበት ከሆነ ፊት ለፊት አትቁሙ። በጎን፣ የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት እዩት፤ የድሮው ፊደል ጠርዙ ያበጠ ሆኖ ይታያል።

ቀጥሎ ትምህርት ቤት። ዘበኛውን አስፈቅዱ። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የፀረ ኤድስ ክለቡ ሠዓሊ ነበርኩ፤ ሠዓሊ ከተባለ። ከበር የተረፈ ቀይ ቀለም ሰጡኝና ሪባን ሣልኩ። አጋድሜ ስለሣልኩት ዓሣ መሰለ፤ ልጆቹ እስካሁን «የዓሣው ግድግዳ» ይሉታል። ምልክቱ የመንግሥት ዓርማ ይመስለኝ ነበር። ለካ እ.ኤ.አ. በ1991 ኒውዮርክ ያሉ የጥበብ ሰዎች ያወጡት ኖሯል። ከሥሩ «መታቀብ፣ መወሰን፣ መጠቀም» ብዬ ጽፌ ነበር። ሦስተኛዋን ቃል፣ የኮንዶሟን፣ በማግስቱ አንድ ሰው በኖራ ደፈናት። ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልናገርም።

ከዚያ የእድሩ ድንኳን የሚቀመጥበት ቤት። ሐውልት የለውም፤ ተራ ቆርቆሮ ቤት ነው። ሰው በላይ በላይ ሲረግፍ፣ ከመቅበር አልፈው ሕመምተኛ የጠየቁትና የሙት ልጅ ያሳደጉት ግን እንዲህ ያሉ እድሮች ናቸው። የእድሩን ዳኛ «እከሌ በምን ሞተ?» አትበሏቸው። ያኔም መልሱ «ወባ ነው» ነበር። «ጋሼ፣ ድንኳኑ በሳምንት ስንቴ ይተከል ነበር?» በሉ። እኔ ስጠይቃቸው በጣታቸው መቁጠር ጀምረው መሐል ላይ ተዉት።

መጨረሻ ጤና ጣቢያ። የኤችአይቪ መድኃኒቱ በአገር ደረጃ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ብዙ ሰው ተስፋው ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ነበር። በሩ ላይ ስልካችሁን ኪስ ክተቱ፤ ወረፋ የያዘ ሰው አለ። ከአጥሩ ውጪ ቡና የሚያፈሉ እናት አሉ፤ ያኔ ማይክ ይዘው «ቫይረሱ በደሜ አለ» ያሉ ናቸው። አቦሉን ዝም ብላችሁ ጠጡ። ቶናው ላይ ራሳቸው ይጀምራሉ።