በደረቁ ወራት ማለዳ መስኮት ከመክፈታችሁ በፊት ጭሱን ተመልከቱ

በተራሮች በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ባለ የሐሩር ክልል ከተማ የምትኖሩ ከሆነ፣ በደረቁ ወራት ማለዳ መስኮት ከመክፈታችሁ ወይም ለሩጫ ከመውጣታችሁ በፊት ከአንድ ጣሪያ የሚወጣ ጭስ ፈልጋችሁ ለአፍታ ተመልከቱ። ጭሱ ጥቂት ከፍ ብሎ ኮርኒስ የነካ ይመስል ወደ ጎን ከተነጠፈ፣ መስኮቱን እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ሳትከፍቱ ቆዩ፤ ወደ ላይ እየሳሳ ከጠፋ ግን ክፈቱት። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት መሬት ሙቀቷን ቶሎ ስለምታጣ፣ ቀዝቃዛውና ከባዱ አየር ከተራሮቹ ወርዶ ሸለቆው ውስጥ ይተኛል፤ በላዩ ያለው ሞቃት አየር ደግሞ እንደ ክዳን ሆኖ የምድጃውን፣ የመኪናውንና የቆሻሻ ቃጠሎውን ጭስ፣ ከ2.5 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺኛ) የሚያንሱትን ደቃቅ ብናኞች ጨምሮ፣ ከታች ያፍነዋል። ክዳኑ የሚፈርሰው ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ነው። በዝናብ ወቅት ዝናቡ አየሩን ስለሚያጥበው፣ ደመናውም የሌሊቱን ቅዝቃዜ ስለሚያለዝበው ይህን ያህል መጠንቀቅ አያስፈልግም (እኔም ያን ጊዜ ጭስ አልመለከትም)። ቤት ውስጥ ከሰል ወይም እንጨት የሚነድ ከሆነ ግን መስኮቱን ፈጽሞ አትዝጉ፤ በዝግ ክፍል የሚጠራቀመው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰውንም በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።