ተመሳሳይ ቃል ፍለጋ ያበላሻቸው ድርሰቶች

ለእንግሊዝኛ ፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎችን ድርሰት ሳርም ቀይ እስክሪብቶዬን ቶሎ የሚጨርሰው ሰዋስው አይደለም። ሰዋስው የተሳሳተ ልጅ ምን ሊል እንደፈለገ ቢያንስ ይገባኛል። የማይገባኝ ከተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር ለቅሞ ያለ ቦታው የሰካው ሰው ነው።

ከሁሉ የባሰው ስህተት ይኸው ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገርበት። አንድ ተማሪ ስለ በዓል ሲጽፍ እናቱ የሠራችውን ምግብ ማመስገን ፈለገ። «ጉድ ፉድ» ማለት የሕፃን እንግሊዝኛ መሰለው፤ ዝርዝሩን ገለጠና «ቤኔቮለንት» የሚል ቃል አገኘ። ቃሉ ቸርን፣ ለሰው በጎ የሚያስብን ሰው የሚገልጽ ነው። ስለዚህ የእናቱ ዶሮ ወጥ ሩኅሩኅና ለተቸገረ ደራሽ ሆኖ ቀረበ። ምክንያቱን ስጠይቀው «መጽሐፉ እኩል ናቸው ይላል» አለኝ። አይልም! ዝርዝሩ የሚለው «ጉድ» ካሉት ብዙ ትርጉሞች በአንዱ ከዚህ ቃል ጋር ይገናኛል ነው። በየትኛው እንደሚገናኝ ግን ዝርዝሩ አይነግራችሁም፤ ለዚያ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ያለው መዝገበ ቃላት መግለጥ ያስፈልጋል፤ ይህንን ደግሞ የሚያደርግ የለም።

እንግሊዝኛ ለአንድ ነገር ሁለትና ሦስት ቃል የያዘው ለጌጥ አይደለም። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ፤ የሊቃውንቱ ላቲንም ተጨመረበት። «አስክ» የጥንቱ የአገሬው ቃል ነው፤ «ኩዌስችን» በፈረንሳይኛ በኩል ገባ፤ «ኢንተሮጌት» ከላቲን መጣ። ሦስቱም መጠየቅ ናቸው፤ የሚጠየቀው ሰው ግን ይለያያል። «ኢንተሮጌት» መርማሪ ፖሊስ ከተጠርጣሪ ጋር ሲቀመጥ የሚውል ቃል ነው። እኔ ግን ስለ ድሮ ዘመን ለማወቅ አያቱን በዚህ ቃል የመረመረ ልጅ ድርሰት አርሜያለሁ። የሠርግ ካባ ደርቦ ጉልት ገበያ የወጣ ሰው ማለት ነው።

ተማሪዎቹ የሚከራከሩኝ በአይኤልትስ፣ ውጭ አገር ለመማር ወይም ለመሥራት በሚወሰደው የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። እውነት ነው፣ የጽሑፉ ክፍል ከሚለካባቸው አራት መስፈርቶች አንዱ የቃላት አጠቃቀም ነው፤ 25 በመቶም ይይዛል። መስፈርቱ ግን ቃሉ በትክክል መዋሉንና ከጎኑ ካሉት ቃላት ጋር መስማማቱን ጭምር ያያል። «ጉድ ፉድ» ቢበዛ ተራ ነው ይባላል፤ ሩኅሩኅ ዶሮ ወጥ ግን ስህተት ነው።

ሁለተኛው ስህተት፣ የእንግሊዝኛውን ቃል ከአንድ የአማርኛ ቃል ጋር አጋብቶ ደብተር ላይ ማስፈር። አማርኛ «ከባድ» ሲል ሸክሙንም ፈተናውንም ሕመሙንም ያካትታል። እንግሊዝኛ ለሸክሙ «ሄቪ»፣ ለፈተናው «ዲፊከልት»፣ ለሕመሙ «ሲሪየስ» ይላል። «ረጅም»ም እንዲሁ ነው፤ ለመንገድ «ሎንግ»፣ ለሰው «ቶል»፣ ለተራራ «ሃይ»። ደብተሩ ላይ «ቶል ማለት ረጅም» ብሎ የጻፈ ልጅ ራስ ዳሸንን እንደ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሲገልጸው አትደነቁ። ቃሉን ብቻውን ከመጻፍ ከነባልንጀራው ጻፉት፤ «ቶል ማን»፣ «ሃይ ማውንቴን»፣ «ሎንግ ሮድ»። በአማርኛ ኃይለኛ ዝናብ እንላለን፤ በእንግሊዝኛ ግን ዝናቡ «ሄቪ» ነው፤ «ስትሮንግ» የሚባለው ሻዩ ነው።

ወደ ተቃራኒ ቃል ስንመጣ፣ የ«ኦልድ» ተቃራኒ ምንድን ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። የምን «ኦልድ»? ለሰው ከሆነ «ያንግ»፣ ለጫማ ከሆነ «ኒው»። የ«ድራይ» ተቃራኒ ለልብስ «ዌት» ነው፤ ለወይን ጠጅ «ስዊት»። ዓረፍተ ነገር የሌለው የተቃራኒ ቃል ጥያቄ ግማሽ ጥያቄ ነው።

ከፊት «ኢን» የተጨመረበት ሁሉ ተቃራኒ አይሆንም። «ኢንቫሊዩብል» ዋጋ ቢስ ማለት ሳይሆን ዋጋው የማይተመን ማለት ነው። «ኢንፍላመብል» የሚል ጽሑፍ ያለበት በርሜል አጠገብ ደግሞ ክብሪት እንዳትጭሩ፤ ከ«ፍላመብል» ጋር አንድ ነው፣ በቀላሉ የሚቀጣጠል።

ተመሳሳዩንና ተቃራኒውን በአንድ ምሽት አንድ ላይ መሸምደድ ብዙ መምህራንም የሚያዝዙት ስህተት ነው። በቃላት ትምህርት ምርምር የሚታወቁት የኒውዚላንዱ ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጽሑፍ አስጠንቅቀውበታል፤ በትርጉም የተቀራረቡ ቃላት አብረው ሲጠኑ አንዱ ከሌላው ይምታታል። በእኔ ክፍል የዚህ ሰለባዎች «ሌንድ» እና «ቦሮው» ናቸው። ማበደርና መበደር መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን በየፈተናው ይጠፋባቸዋል፤ ምክንያቱም አንድ ቀን፣ አንድ መስመር ላይ ነው የተማሯቸው። ይበልጥ የሚያስፈልጋችሁን መጀመሪያ ያዙ። እሱን ሳታስቡ መናገር ስትጀምሩ ጓደኛውን አምጡ።

በመጨረሻ፣ ከፎቶኮፒ ቤት የተገዛ የድሮ ዝርዝር ይዞ ለጂአርኢ፣ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት መግቢያ ለሚወሰደው የአሜሪካ ፈተና መዘጋጀት። ፈተናው ራሱን የቻለ የተቃራኒ ቃል ጥያቄን እ.ኤ.አ. በ2011 አስቀርቷል። አሁን ክፍት ቦታ ያለው ዓረፍተ ነገር ይሰጥና ከስድስት ቃላት መካከል ተቀራራቢ ትርጉም የሚሰጡትን ሁለቱን ምረጡ ይላል። ከስድስቱ ውስጥ ግን እርስ በርሳቸው ተመሳሳይ የሆኑ፣ ለዓረፍተ ነገሩ የማይስማሙ ጥንዶችም ሊኖሩ ይችላሉ። ዝርዝር ብቻ የሸመደደ ተማሪ መጀመሪያ የሚያከብበው እነርሱን ነው።