የዕቃ ጫኝ መንኮራኩር በር ሲከፈት ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ግንቦት 17 ቀን 2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 2012) አሜሪካዊው ጠፈርተኛ ዶን ፔቲት በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ሆኖ፣ በጣቢያው ረጅም የሮቦት ክንድ ድራገን የተባለችውን መንኮራኩር ከጠፈር ላይ ያዛት። ስፔስኤክስ የሠራት ይህች መንኮራኩር ከግል ኩባንያ ወደ ጣቢያው በመድረስ የመጀመሪያዋ ነበረች። በዚያው ዕለት ሃርመኒ ከተባለው የጣቢያው ክፍል ጋር ተጋጠመች፤ በሯ የተከፈተው ግን በማግስቱ፣ 18 ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ ነበር። ከምድር ሆኖ ለሚከታተል ሰው ይህ ጭነት መኪና ደጅ ደርሶ ዕቃው ሳይራገፍ እንደማደር ያለ ነገር ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚሁ አመለካከት፣ ማለትም በሩን የጉዞው ማብቂያ አድርጎ ከማየት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት መያዝንና መግጠምን አንድ አድርጎ መቁጠር ነው። ዕቃ ጫኝ መንኮራኩሮች ወደ ጣቢያው የሚጠጉት በሁለት መንገድ ነው። አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመላለሰው ሲግነስ፣ ጥቂት ሜትሮች ሲቀራቸው ቆመው በክንዱ ይያዛሉ፤ ሌሎቹ፣ እንደ ሩሲያው ፕሮግረስና ከኅዳር 2013 ዓ.ም. (ዲሴምበር 2020) ወዲህ እንደሚመጣው አዲሱ ድራገን፣ ራሳቸው ተጠግተው ይገጥማሉ። በክንድ የተያዘ መንኮራኩር ገና አልገጠመም። ክንዱ ወደ መግጠሚያው ካስጠጋው በኋላ አራት መንጠቆዎች ይስቡታል፤ ከዚያም በሞተር የሚዞሩ 16 ብሎኖች በየተራና በደረጃ ይጠብቃሉ፤ ማሸጊያው ጎማ በሁሉም በኩል እኩል ካልተጫነ አየር ማፍሰሱ አይቀርምና። ጥድፊያ ከተጀመረ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የሚጀመረው።

ሁለተኛው ስህተት በጣቢያው በርና በመንኮራኩሩ በር መካከል ያለችውን ጠባብ ቦታ ተራ መተላለፊያ አድርጎ ማሰብ ነው፤ ከሁሉም ይበልጥ ዋጋ የሚያስከፍለውም ይህ ይመስለኛል። መንኮራኩሩ ሲገጥም ያቺ ቦታ አየር የሌላት ባዶ ናት። ከጣቢያው አየር ይለቀቅባትና ግፊቱ እየተለካ ይጠበቃል። ልኬቱን ቶሎ አንብቦ መወሰን ያሳስታል፤ ሞቅ ያለው የጣቢያው አየር ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ስለሚቀዘቅዝ ብቻ ግፊቱ ትንሽ ሊወርድ ይችላል፤ ይህም ቀዳዳ ያለ ያስመስላል። በተቃራኒው ትንሽ ቀዳዳ በጥቂት ደቂቃ ልኬት ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ የሚያስተማምነው ረዘም ያለ ልኬት ብቻ ነው።

ግፊቱ በበሩ ግራና ቀኝ እኩል ሳይሆን በሩን ለመክፈት መሞከር ደግሞ የዚሁ ስህተት ሌላ መልክ ነው። የዚህ ዓይነቱ መግጠሚያ በር ወርዱም ቁመቱም 1.27 ሜትር ያህል ነው። በሁለቱ ወገን ያለው የግፊት ልዩነት የምድር ወለል አየር ግፊት አንድ መቶኛ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ በበሩ ስፋት ሲባዛ 160 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት የመጫን ያህል ይሆናል። ጠፈርተኛው እግሩን የሚተክልበት መሬት የለውም፤ እጀታውን ሲጎትት የሚንቀሳቀሰው በሩ ሳይሆን እርሱ ራሱ ነው። በበሩ ላይ ያለችው ትንሽ የግፊት ማመጣጠኛ ቫልቭ የተሠራችው ለዚህ ነው፤ እስክትጨርስ መጠበቅ ግድ ነው።

በሩ ከተከፈተ በኋላ ያለ መነጽርና ያለ ማስክ ጭንቅላትን ማስገባት ሌላው ስህተት ነው። ፔቲትና ሩሲያዊው ባልደረባው ኦሌግ ኮኖኔንኮ ወደ ድራገን የገቡት ዓይናቸውንና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ መብራት ይዘው ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ የቀረ የብረት ፍቅፋቂ፣ የላላ ትንሽ ብሎን፣ የማሸጊያ ብናኝ በምድር ላይ ወለል ላይ ተኝቶ ይኖራል። በምሕዋር ላይ ግን የሚተኛበት ወለል የለም፤ በዓይን ከፍታም በአፍ ከፍታም ይንሳፈፋል። ፔቲት ከገባ በኋላ ውስጡ የአዲስ መኪና ሽታ እንዳለው ተናግሯል፤ ስለዚህም ብዙዎች ያን ዕለት የሚያስታውሱት በጠረኑ እንጂ በማስኩ አይደለም።

አየሩ ሳይንቀሳቀስ ገብቶ መሥራት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ለመረዳት ቀላል የሆነ ስህተት ነው። እህል በጉድጓድ የሚያከማቹ ገበሬዎች ጉድጓዱን ከፍተው ወዲያው ዘልለው አይገቡም፤ የታፈነው አየር እስኪወጣ ይጠብቃሉ፤ ሳይጠብቅ የገባ ሰው ሊሞት እንደሚችል ያውቃሉና። በጠፈር ያለው ችግር የዚህ ዘመድ ነው፤ ግን ይብሳል። ሞቃት አየር ወደ ላይ የሚወጣው በስበት ምክንያት በመሆኑ፣ ክብደት በማይሰማበት ቦታ አየር በራሱ አይዘዋወርም። ሰው በአንድ ጥግ ተጠግቶ ሲሠራ የተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በፊቱ ዙሪያ ተከማችቶ ይቀራል፤ ራስ ምታትና ድካም ያመጣል፤ ጠፈርተኛውም ምክንያቱን ሳያውቅ ስህተት መሥራት ይጀምራል። ስለዚህ ከጣቢያው የአየር ቱቦ ተስቦ ወደ መንኮራኩሩ ሳይገባና ማራገቢያው ሳይነሣ፣ የአየር ናሙናም ሳይወሰድ፣ ዕቃ ማውረድ አይጀመርም።

አፍንጫን በተመለከተ ሰዎች በሁለት አቅጣጫ ይሳሳታሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድና ናይትሮጅን ሽታ ስለሌላቸው፣ ምንም አልሸተተኝም ማለት አየሩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በሌላ በኩል እንግዳ ሽታን አዲስ ዕቃ ስለሆነ ነው ብሎ ማለፍም አይገባም። ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. (ኖቬምበር 23 ቀን 2024) ፕሮግረስ ኤምኤስ-29 በጣቢያው የሩሲያ ወገን ፖይስክ ከተባለው ክፍል ጋር ከገጠመ በኋላ፣ ጠፈርተኞቹ በሩን ሲከፍቱ ያልጠበቁት ሽታ ደረሰባቸው፤ ትንንሽ ጠብታዎችም አዩ። የሽታውን ምንጭ ለመፈለግ ወደ ውስጥ ጠልቀው አልገቡም። በሩን መልሰው ዘጉ፤ የአየር ማጣሪያዎች ሥራ ጀመሩ፤ የጣቢያው አየር ወደ ተለመደው ደረጃ መመለሱም ተረጋገጠ። በሩ ሲከፈት ሁሉ መልሶ ለመዝጋት ዝግጁ መሆን ማለት ይህ ነው።

መልሶ የመዝጋት ነገር ከተነሣ፣ በበሩ ውስጥ ቱቦና ገመድ እንደተመቸ አሳልፎ መተው በታሪክ የተፈተነ ስህተት ነው። ሰኔ 18 ቀን 1989 ዓ.ም. (ጁን 25 ቀን 1997) ፕሮግረስ ኤም-34 የተባለች ዕቃ ጫኝ መንኮራኩር በእጅ መሪ የመግጠም ሙከራ ሲደረግ ሚር ከተባለው የሩሲያ የጠፈር ጣቢያ ጋር ተጋጨችና ስፔክትር የተባለውን ክፍል ቀደደችው። አየሩ እየወጣ፣ ጆሮ ግፊቱ ሲቀንስ እየተሰማው፣ ሠራተኞቹ ክፍሉን ለመዝጋት ሮጡ፤ ነገር ግን በበሩ በኩል ያለፉት ገመዶች በሩ እንዳይዘጋ አገዱ። አንዱን ነቅለው፣ አንዱን ቆርጠው፣ በመጨረሻ ክዳን አስገብተው ዘጉት። ከገመዶቹ መካከል ከስፔክትር የፀሐይ ሰሌዳዎች ኃይል የሚያመጡት ስለነበሩ፣ ጣቢያው ብዙ ኤሌክትሪክ አጣ። ከበር የሚያልፍ ማናቸውም መስመር በእጅ ቶሎ የሚለያይ መጋጠሚያ ሊኖረው ይገባል፤ የት እንደሚለያይም በሩ አጠገብ የሚሠራ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ስለ ዕቃው አያያዝ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ክብደት የለውም ተብሎ በኃይል የተገፋ 50 ኪሎ ግራም ቦርሳ ሲቆም የሚቆመው በግድግዳ ወይም በሰው ጣት ላይ ነው፤ ክብደቱ ባይሰማም ግዝፈቱ (የቁስ መጠኑ) አልጠፋምና። ቅዝቃዜ የሚሹ የምርምር ናሙናዎች ሳይወጡ ልብስና ምግብ ማውረድ፣ ቦርሳውን ባር ኮዱን ሳያስነብቡ ባገኙት ጥግ ማሰርም የሚደጋገሙ ስህተቶች ናቸው፤ በጣቢያው ላይ ቦታው ያልተመዘገበ ዕቃ እንደጠፋ ይቆጠራል።

አንድ የቀረ አለ፤ እርሱም ወደ መንኮራኩሩ ስለሚመለሰው ጭነት ነው። ድራገን በዚያ የመጀመሪያ ጉዞ 460 ኪሎ ግራም ያህል ዕቃ አምጥታ፣ 620 ኪሎ ግራም ያህል ይዛ ግንቦት 23 ቀን በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ አረፈች። ወደ ምድር በሰላም የምትመለስ መንኮራኩር የክብደቷ ማዕከል ከታቀደው ቦታ እንዳይርቅ፣ እያንዳንዱ ቦርሳ በተነገረው ስፍራ መታሰር አለበት። ሲግነስ ግን አይመለስም፤ የጣቢያውን ቆሻሻ ተሸክሞ በከባቢ አየር ውስጥ ይቃጠላል። ስለዚህ ሁለቱ መንኮራኩሮች በአንድ ወቅት በጣቢያው ላይ ሲገኙ፣ ወደ ምድር ሊመለስ የታሰበ ናሙና በስህተት ሲግነስ ውስጥ እንዳይታሰር፣ በሩ ከመዘጋቱ በፊት ዝርዝሩን ሁለት ሰው በየግሉ ቢያነብ ይበጃል።